ቅባቱ ሳይጎድል ፀጉር ለምን ይደርቃል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 28 ዓመት ነው። ለዓመታት ፀጉሬን ሪላክሰር (ፀጉር የሚያለሰልስ ኬሚካል) ስደረግ ቆይቼ ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ተውኩትና ወደ ተፈጥሮው መለስኩት። ጠዋት ጠዋት የኮኮናት ዘይት፣ ማታ ማታ የጉሎ ዘይት እቀባለሁ፤ በወር አንድ ጊዜ ደግሞ እናቴ አናቴ ላይ ለጋ ቅቤ ታደርግልኛለች። ይህ ሁሉ ሆኖ ፀጉሬ ሲነካ እንደ ገለባ ይንኮሻኮሻል፤ ትከሻዬ ላይ ከደረሰ ወዲህም ፈቀቅ አላለም። ፀጉር ሠሪዬ «ጫፉ ይከርከም» ባለችኝ ቁጥር እሸሻለሁ፤ ስንት ጊዜ ጠብቄ ያሳደግሁትን በመቀስ ለማሳጠር መጨከን አቃተኝ። ሌሎች ደግሞ «ሲቆረጥ ቶሎ ያድጋል» ይሉኛል። የቱን ልመን?

*ስሜ ይቆይ፣ ከአዳማ*

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብሁት። ኮኮናቱም፣ ጉሎውም፣ ቅቤውም በየተራቸው ተጠቅሰዋል፤ ውኃ ግን አንድም ቦታ አልተነሣም። የችግርዎ ግማሹ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ዘይት በውስጡ ውኃ የለውምና የደረቀ ፀጉርን ሊያረጥብ አይችልም፤ ሥራው ፀጉሩ ቀድሞ የያዘው ርጥበት ቶሎ ተንኖ እንዳይጠፋ መከለል ነው። ጠዋት ከእንቅልፍዎ ሲነሡ በደረቀ ፀጉር ላይ የሚቀቡት ዘይት እንግዲህ የሚከልለው ርጥበት አያገኝም፤ ማታ ጉሎው ሲደረብበት፣ በማግስቱም እንደገና ሲቀባ፣ ፀጉሩ ለዓይን የሚያብረቀርቅ፣ ለእጅ ግን የሚንኮሻኮሽ፣ የመንገዱ አቧራ ሁሉ የሚለጠፍበት ይሆናል። በሉጫ ፀጉር ላይ ከራስ ቆዳ የሚወጣው የተፈጥሮ ቅባት ያለ ችግር እስከ ጫፉ ይወርዳል፤ በከርዳዳ ፀጉር ላይ ግን በእያንዳንዱ ጥምዝ ላይ እየተያዘ ጫፉ ሳይደርሰው ይቀራል። («ከርዳዳ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ የቆጠርነው እኛው ነን እንጂ ቃሉ የፀጉሩን ጠባይ በትክክል ይናገራል።)

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ይለውጡት። ፀጉርዎን በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን አንድ ጊዜ ታጥበው ኮንዲሽነር ካደረጉ በኋላ፣ ውኃው መንጠብጠቡን ሲያቆም ነገር ግን ፀጉሩ ገና እርጥብ እያለ፣ ለአራት ወይም ለስድስት ከፍለው ዘይቱን በመዳፍዎ አሽተው በተለይ ከመሐል እስከ ጫፍ ያዳርሱት። ለትከሻ ርዝመት አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። በሳምንቱ መካከል ሲደርቅብዎ ደግሞ ዘይት ከመጨመርዎ በፊት ውኃ ይርጩበት።

ሁለቱ ዘይቶችዎም ሥራቸው አንድ አይደለም። የኮኮናት ዘይት ሎሪክ አሲድ በተባለው ቅባቱ ምክንያት ወደ ፀጉሩ ውስጥ ዘልቆ የመግባት ጠባይ ስላለው፣ ፀጉር በውኃ ሲያብጥና ሲደርቅ ሲሟሽሽ የሚያጣውን ፕሮቲን እንደሚቀንስ ታውቋል፤ የሱፍ ዘይትና ከነዳጅ የሚወጣው የማዕድን ዘይት ይህን አያደርጉም። ስለዚህ ኮኮናቱን ከመታጠብዎ ከሰዓታት በፊት፣ ወይም ከዋዜማው ማታ ጀምረው ቢቀቡት ከጠዋት ቅብዎ ይልቅ ይጠቅምዎታል። የጉሎ ዘይት ግን ወፍራም ነው፤ ከላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ስለዚህ ለጫፍ መከለያ ጥቂት ጠብታ በቂ ነው። ፀጉር ያሳድጋል የሚባለው በአስተማማኝ ጥናት የተረጋገጠ ነገር አይደለም።

ቅቤውን በተመለከተ እናትዎን አይከልክሏቸው። ለጋ ቅቤ ከመቶ 80 እጁ ያህል ስብ ቢሆንም 16 እጁ ያህል ውኃ ነው፤ ስለዚህ ከጠቀሷቸው ሦስት ቅባቶች መካከል ውኃ ይዞ የሚመጣው እርሱ ብቻ ነው። ለወጥ የሚሆነው ንጥር ቅቤ ውኃው በእሳት ስለወጣ ይህ ጥቅም የለውም፤ ቅመሙን አልቆጠርሁም። እኔም ልጅ ሳለሁ አናቴ ላይ የተደረገልኝ ቅቤ በፀሐይ እየቀለጠ በማጅራቴ ሲወርድና የአዲስ ቀሚሴን ኮሌታ ሲያርሰው አስታውሳለሁ። አሁን ሳስበው የቅቤው ቀን ፀጉሬ በሻሽ ተጠቅልሎ ከማበጠሪያም ከፀሐይም የሚያርፍበት ቀን ነበር፤ ጥቅሙ ከቅቤው ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ሳይታጠብ ውሎ ካደረ ግን ይሻግታል፤ በቅጡ በሻምፖ ይልቀቅ።

ወደ መቀሱ ስንመጣ፣ «ሲቆረጥ ቶሎ ያድጋል» የሚለው ትክክል አይደለም። ፀጉር የሚያድገው ከራስ ቆዳ ውስጥ ካለው ሥሩ ነው፤ ከቆዳ በላይ ያለው ሕይወት የሌለው ጭረት ስለሆነ ጫፉ ላይ የሆነውን ሥሩ አያውቅም። ይሁን እንጂ ፀጉር ሠሪዎ ስተዋል ማለቴ አይደለም። የሰው ፀጉር በአማካይ በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ የእኛ ዓይነቱ ከዚያም ትንሽ ይዘገያል። በዚህ ስሌት የ30 ሴንቲ ሜትር ፀጉር ጫፍ ቢያንስ የሁለት ዓመት ተኩል ዕድሜ አለው ማለት ነው፤ ስንት ጊዜ ታጥቧል፣ ስንት ጊዜ ፎንና ፔስትራ ነክቶታል፣ ስንት ጊዜ በሹሩባ ተጎንጉኖ ተፈትቷል! የተሰነጠቀ ጫፍ በየትኛውም ቅባት ተመልሶ አይገጥምም፤ ስንጥቁ ወደ ላይ እየወጣ ፀጉሩን ይሰብረዋል። እንግዲህ የእርስዎ ፀጉር ማደጉን አላቆመም፤ ከሥሩ የሚጨመረውን ያህል ከጫፉ እየተሰበረ ስለሆነ ነው ባለበት የቆመው።

እንዲያውም የዘመኑ ቁጥር አንድ ነገር አጠራጠረኝ። ሪላክሰሩን ከተዉ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖዎታል፤ ያኔ የተለሰለሰውን ክፍል ቆርጠው ስለመጣልዎ ግን አልጻፉልንም። ካልተቆረጠ ቅሪቱ አሁን ጫፉ ላይ ይሆናል። ፀጉርዎን አርጥበው መስታወት ፊት ይቁሙና አንድ ዘለላ ይያዙ፤ ላይኛው ተጠቅልሎ ሳለ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች እንደ ክር ቀጥ ብለው ከተንጠለጠሉ ያ የሪላክሰሩ ቅሪት ነው። ሁለቱ ዓይነት ፀጉር የተገናኙበት ቦታ በጣም ደካማ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው፤ ይህን ክፍል ማስታመም ትርፍ የለውምና ይቆረጥ።

ሁለተኛው ፈተና ደግሞ ነጭ ነጠላ ትከሻዎ ላይ ጣል አድርገው ማበጠር ነው። ነጠላው ላይ ረጃጅምና በአንድ ጫፋቸው ትንሽ ነጭ እብጠት ያላቸው ፀጉሮች ከወደቁ አይጨነቁ፤ በቀን ከ50 እስከ 100 የሚሆን ፀጉር ከነሥሩ መርገፉ የተፈጥሮ ነው። ሥር የሌላቸው አጫጭር ቁርጥራጮች ከበዙ ግን ፀጉሩ እየተሰበረ ነው።

ካስተካከሉት በኋላ በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ማስከርከም ይበቃዎታል። በዓመት ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ከሚያድገው የሚሄደው ቢበዛ 2 ሴንቲ ሜትር ነው። መቀሱ የፀጉር ብቻ ይሁን፤ የወጥ ቤት መቀስ ከመቁረጥ ይልቅ ያደቅቅና አዲስ ስንጥቅ ይፈጥራል።

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ልጄ ራሷን ያሳክካታል፤ ፎረፎር የመሰለ ነጭ ቅርፊትም ይታይባታል። በክረምቱ የቤት ማሞቂያ ምክንያት ቆዳዋ የደረቀ መስሎኝ በየቀኑ የወይራ ዘይት ብቀባት ባሰባት። የተሻለው ዘይት የትኛው ነው?

*እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ*

መልስ፦ የትኛውም አይደለም፤ ለጊዜው ዘይቱን ያቁሙ። ፎረፎር የሚያስከትለው ማላሴዚያ የተባለው ፈንገስ የሚመገበው ቅባት ነው፤ የወይራ ዘይትም ይመቸዋል። ከዚህ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የልጅዎ ዕድሜ ነው። ፎረፎር በስድስት ዓመት ልጅ ላይ እምብዛም አይታይም፤ የራስ ጭርት ግን በትምህርት ቤት ልጆች ዘንድ የተለመደ ነው። ክብ ሆኖ የሳሳ ቦታ፣ ከቆዳው ጋር ተስተካክሎ የተሰበረና ጥቁር ነጥብ የመሰለ ፀጉር፣ ወይም ከማጅራቷ ላይ ያበጠ ንፍፊት ካገኙ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ጭርት ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ የሚቀባ መድኃኒት አይደርስበትም፤ ሐኪም የሚያዘው በአፍ የሚወሰድና ለሳምንታት የሚቆይ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ኬቶኮናዞል የተባለው የፈንገስ መድኃኒት ያለበት ሻምፖ ወደ ሌሎች መተላለፉን ይቀንሳል እንጂ ብቻውን አያድንም። ቅባቱ ቅርፊቱን ስለሚሸፍነው ከቀጠሮው በፊት ራሷን አጥበው ይውሰዷት፤ ማበጠሪያዋን፣ ኮፍያዋንና የትራስ ልብሷን ለብቻ ያድርጉ፤ ወንድምና እኅት ካሏትም የእነርሱ ራስ ይታይ።