መልስ፦ የሁለቱ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ታሪክ ሲተነተን

አብሽሪ እህቴ፤ ደሴ ውስጥ ፀሐይ ለምትገባባት የመስኮት ዳር ወንበር ደብዳቤ እየጻፉ የሚፎካከሩት ሁለት የመዝገብ ቤት ሠራተኞች አጭር ልብ ወለድ «ያስቃል፤ ግን ምን ብዬ ልተንትነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ታሪኩን በመድገም አትጀምሪ። ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚያጣው እዚያ ላይ ነው፤ ለታሪኩ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

መጀመሪያ የሚፈለገውን ነገርና የሚከፈልለትን ዋጋ አነጻጽሪ። ወንበሯ ትንሽ፣ ውጊያው ግን ትልቅ ነው፤ ሳቁ የሚመጣው ከዚህ አለመመጣጠን ነው። ቀጥለሽ ግጭቱ የሚካረርበትን ምልክት ፈልጊ። እዚህ ላይ ምልክቱ ግልባጭ ነው፦ የመጀመሪያው ደብዳቤ ለቅርብ ኃላፊ ብቻ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ለአስተዳደርም ግልባጭ ይደረጋል፤ የመጨረሻው ላይ የግልባጩ ዝርዝር ከደብዳቤው ፍሬ ነገር ይረዝማል። ሦስቱንም ጎን ለጎን ጥቀሺ፤ ዋናው ማስረጃሽ እሱ ነው። ቋንቋውንም እዪ። ፊት ለፊት «አንተ» የሚባባሉ ሰዎች ወረቀት ላይ «የተከበሩ የሥራ ባልደረባዬ» ሲባባሉ ጨዋነቱ ራሱ ዱላ ሆኗል።

መቼቱንም፣ ማለትም ታሪኩ የሚፈጸምበትን ጊዜና ቦታ፣ እንደ ጌጥ አትለፊው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ ታሪኩ ወደ ታች ወረድ ብሎ ሞቅ ባለችው ኮምቦልቻ ቢሆን ጠቡ ለጥላ ይሆን ነበር።

ተራኪው ለማን እንደሚያደላ አረጋግጪ፤ ካደላለት ሰው ሽንፈት ጋር ሳቁ መራራ ይሆናልና። «ምጸት» ብለሽ ከጻፍሽ ደግሞ የተጠበቀውና የሆነው የተቃረኑበትን ቦታ ገጽ ጠቅሰሽ አሳዪ።