ደስ ያላችሁ ቀን ደግማችሁ ቁጠሩ

ፊዚክስ እየተማራችሁ "ቅንጣት ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፣ የትኛውን ርዕስ ልያዝ?" ብላችሁ የምትጽፉልኝ ልጆች ብዙ ናችሁ። ርዕሱ እንኳ ብዙ አያስጨንቅም። ማንም የማይሻማበትን ሥራ ያዙ። ምን ማለቴ እንደሆነ ልንገራችሁ።

ቢ-ኤስ የሚባል ሜሶን አለ፤ ወዲያው ፈርሶ ወደ ሌሎች ቅንጣቶች የሚለወጥ ቅንጣት ነው። ወደ ሁለት ሚዮን (ከኤሌክትሮን የሚከብድ የኤሌክትሮን ዘመድ) ብቻ የሚፈርሰው ከአንድ ቢሊዮን ሦስት ጊዜ ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ብርቅ ነገር የሚፈለገው፣ ገና ያላወቅነው ቅንጣት ጣልቃ ቢገባ ቁጥሩ ላይ ቶሎ ስለሚታይ ነው። ፍለጋው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ጄኔቫ አጠገብ በሰርን የምርምር ማዕከል ባለው 27 ኪሎ ሜትር የቅንጣት ማጋጫ፣ ኤልኤችሲቢ የተባለው ሙከራ በ2012 የመጀመሪያውን ፍንጭ አየ። በ2015 ደግሞ እዚያው ካለው ሲኤምኤስ ከተባለ ሌላ ሙከራ ጋር ዳታውን አንድ ላይ አድርገው አረጋገጡት። 30 ዓመት ገደማ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ፍለጋ ላይ ምልክቱ ይመጣበታል የተባለውን ቦታ መጀመሪያ ሸፍነን ነው የምንሠራው። የምንመርጥበት መንገድ ሁሉ ከተወሰነና ስንት ሐሰተኛ (ምልክቱን የሚመስል ሌላ ክስተት) ሊገባ እንደሚችል ከተገመተ በኋላ ብቻ ይከፈታል። ልጅ ሳለሁ ይሄ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር። ዓይን የጓጓለትን እንደሚያይ ገና አላወቅኩም ነበር።

መጋቢት 2021ን አልረሳውም። የቢ-ኤስ ዘመድ የሆነው ቢ ሜሶን ካኦን ወደሚባል ቀለል ያለ ሜሶንና ሁለት ሚዮን፣ ወይም ወደ ካኦንና ሁለት ኤሌክትሮን ሲፈርስ፣ የሁለቱ ብዛት እኩል ሊሆን ይገባል። ኤልኤችሲቢ ግን የሚዮኑ ከኤሌክትሮኑ 0.85 እጅ ገደማ ብቻ ሆኖ አገኘው። በአጋጣሚ የመሆን ዕድሉ ከሺህ አንድ አካባቢ ነው ተባለ። ብዙዎቻችን አዲስ ፊዚክስ መጣ ብለን ጓጓን፣ እኔም ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረኝም። ታኅሣሥ 2022 ላይ እነዚያው ተመራማሪዎች ራሳቸው ውጤቱን መልሰው አፈረሱት። ኤሌክትሮን ተብለው ከተቆጠሩት መሃል ካኦንና ፓዮን የሚባል ሌላ ቀላል ሜሶን ከተገመተው በላይ ተደባልቀው ኖሯል። ምስር ስትለቅሙ መልኩ ምስር የሆነ ጠጠር ይገጥማችኋል አይደል? እሱ ነው። ጠጠሩ ሲወጣ ሁለቱ እኩል ሆኑ።

ያዘኑ ነበሩ። እኔ ግን በሙያዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። የራሳቸውን ትልቅ ዜና በራሳቸው እጅ ጠጠር አለበት ብለው የፈተሹ ሰዎች ናቸውና።

ስለዚህ ቡድን ስትገቡና ሥራ ሲከፋፈል፣ ሁሉም ወደ ምልክቱ ሲሮጥ እናንተ ሐሰተኛውን የመቁጠሩን ሥራ ጠይቁ። ስማችሁ ላይጠራ ይችላል፣ አውቃለሁ። ኤንኤ62 የተባለውን ሌላ የሰርን ሙከራ ውጤት ግን እዩት። አንድ ካኦን ወደ ፓዮንና ሁለት ኒውትሪኖ (መሣሪያው የማያያቸው ቅንጣቶች) የሚፈርሰው ከመቶ ቢሊዮን 13 ጊዜ ገደማ መሆኑን በ2024 ይፋ አደረጉ። በእጃቸው የነበረው 51 ክስተት ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ 18 ያህሉ ሐሰተኛ እንደሚሆን አስቀድመው ገምተው ነበር። እነዚያን 18 ለዓመታት ተቀምጦ የቆጠረ ሰው ባይኖር ኖሮ፣ 51ዱ ምንም ባልነገረን ነበር።