ከውርጩ በፊት የትኛው ተክል ወደ ቤት ይግባ?

የአትክልት ዓምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሲቃረብ ወደዚህ ዓምድ የሚደርሱት ደብዳቤዎች ጠባያቸው ይለወጣል። በሐምሌና በነሐሴ የሚበዛው ስለ ዝናብና ስለ ሥር መበስበስ የሚቀርበው ጥያቄ ሲሆን፣ በመስከረም ግን በተለይ ከሰሜን ሸዋ ደጋማ ወረዳዎች የሚጻፍልን ስለ ውርጭ ነው። ለዚህ እትም የመረጥናቸው አራት ጥያቄዎችም ሁሉም በቦንሳይ፣ ማለትም በትንሽ መትከያ ውስጥ ድንክ ሆኖ እንዲያድግ በሚያዝ ዛፍ፣ እንዲሁም በመትከያ ዕቃ በሚያድጉ የቆላ ተክሎች ላይ ያተኩራሉ።

ጥያቄ፦ «ከአዲስ አበባ ገዝቼ ያመጣሁት የፊከስ ቦንሳይ አለኝ። ባለፈው ኅዳር በረንዳ ላይ እንዳለ ቅጠሉ በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ረገፈ፤ ቀጫጭን ቅርንጫፎቹም ደረቁ። እንደ ምንም አገግሞልኛልና ዘንድሮ ቤት ላስገባው ወስኛለሁ። መቼ ላስገባው? የትስ ላስቀምጠው? ከማስገባቴ በፊት ልግረዘው፣ ማዳበሪያስ ልስጠው? እናቴ ደግሞ ሳሎኑ እንዲሞቅለት ማታ ማታ ከሰል አያይዘን እንተውለት ይላሉ።» (አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ፊከስ ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን የሚመቸው፣ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ደግሞ እድገቱን የሚገታ ተክል ነው። ውርጭ ሲያገኘው በቅጠሉና በለጋ ቅርንጫፉ ውስጥ ያለው ውኃ ወደ በረዶ ስለሚለወጥ ሕዋሳቱ ይጎዳሉ፤ ፀሐይ ስትወጣም እርስዎ ያዩት ጥቁረት ይከተላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ግድም ላይ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ፣ ለፊከስ እዚያ ውጭ ማደር በየትኛውም ወር ቢሆን አይመቸውም። ይሁን እንጂ በክረምት ደመናው ምድሪቱን እንደ ጋቢ ሸፍኗት ስለሚያድር ከመሬት የሚወጣው ሙቀት ሁሉ ወደ ሰማይ አያመልጥም። ሰማዩ ከጠራ፣ አየሩ ከደረቀና ነፋሱ ጸጥ ካለ በኋላ ግን መሬትም ቅጠልም ቀን ያከማቹትን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ሲለቁ ያድራሉ፤ ቅጠሉም በዙሪያው ካለው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። በአየር ትንበያው የሚነገረው የሙቀት መጠን ከመሬት ከፍ ብሎ የሚለካ ስለሆነ፣ ትንበያው 3 ዲግሪ ባለበት ሌሊት እንኳ መሬት ላይ አመዳይ ሊጋገር ይችላል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል፤ ስለዚህ ግቢዎ ረባዳ ላይ ከሆነ ተዳፋት ላይ ካሉት ጎረቤቶችዎ ቀድሞ ውርጭ ያገኘዎታል።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት የምመክርዎት የመስቀልን በዓል ሳያሳልፉ እንዲያስገቡት ነው። ቀን እያወጡ ማታ ማስገባትም ይቻላል፤ ነገር ግን አንድ ምሽት የተረሳ ተክል የሙሉ ዓመት ድካም ይዞ ስለሚሄድ፣ ሥራ የሚበዛበት ሰው በዚህ ዘዴ ባይተማመን ይሻላል።

ቦታውን በተመለከተ ወሳኙ ብርሃን ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ፀሐይ በቀትር ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ በእነዚህ ወራት ብዙ ብርሃን የሚገባው በደቡብ በኩል ባለው መስኮት ነው። ተክሉን ከመስኮቱ ሥር ያስቀምጡት እንጂ ጌጥ ነው ብለው የቴሌቪዥኑ አጠገብ አያድርጉት፤ ከመስኮት ሁለት ሜትር ያህል ሲርቁ ለዓይናችን ክፍሉ ብሩህ መስሎ ቢታይም ለተክሉ የሚደርሰው ብርሃን እጅግ ያነሰ ነው። ቅጠሉ መስታወቱን እንዳይነካም ይጠንቀቁ፤ ሌሊት መስታወቱ የውጭውን ብርድ ይይዛል። መጋረጃ ሲዘጋም ተክሉ ከመጋረጃው ወደ ክፍሉ በኩል መሆን ይኖርበታል። በየሳምንቱ መትከያውን ሩብ ዙር ያህል ቢያዞሩት ወደ አንድ ወገን አይጋደምም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። እንደ እኔ ፍርድ ከሆነ በደጋው አገር ከውርጭ ተርፎ ቤት የገባ ፊከስ የሚሞተው ከብርድ ይልቅ በውኃ ብዛት ነው። ውጭ ነፋስና ፀሐይ እየመጠጡት በየቀኑ ውኃ ይፈልግ የነበረ ተክል፣ ብርሃኑ ባነሰበትና አፈሩ በቀዘቀዘበት ክፍል ውስጥ የሚጠጣው በጣም ጥቂት ነው፤ እኛ ግን የለመድነውን ያህል ማጠጣታችንን እንቀጥላለን። አፈሩ ሳይደርቅ ይከርማል፣ ሥሩ አየር ያጣል፣ ይበሰብሳልም። ሥሩ የበሰበሰ ተክል ደግሞ ውኃ የመሳብ አቅሙን ስለሚያጣ የጠማው መስሎ ይጠወልጋል፣ ባለቤቱም አዝኖ ውኃ ይጨምርለታል። ስለዚህ ጣትዎን እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ይስደዱ፤ እርጥበት ከተሰማዎት ይተዉት። መትከያውን ብድግ አድርጎ ክብደቱን መለማመድም ጥሩ ነው፤ ውኃ የጠገበና የተጠማ መትከያ በእጅ ይለያል። ሲያጠጡ ጠዋት፣ ቤት ውስጥ ባደረ ውኃ፣ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች እስኪወጣ ድረስ ያጠጡት፤ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውንም ይድፉት።

በገባ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ቅጠል ቢያራግፍ አይደንግጡ። ፊከስ ብርሃን በድንገት ሲቀነስበት የሚያደርገው ነው። ቅርንጫፉን በጥፍርዎ ትንሽ ፋቅ ሲያደርጉት ከልጡ ሥር አረንጓዴ ከታየ ሕያው ነው። ድንጋጤውን ለመቀነስ ከመግባቱ በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል ከጠራራ ፀሐይ አንሥተው በበረንዳው ጥላ ሥር ቢያቆዩት ይረዳል።

ግርዘትን አሁን አያብዙ፤ የደረቀውንና ቅርጹን እጅግ ያበላሸውን ብቻ ይቁረጡ። ጠንካራው ግርዘትና የመትከያ ለውጥ ሌሊቱ ሞቅ እስኪል ድረስ፣ ማለትም እስከ ሚያዝያና ግንቦት፣ ይቆይ። ቅርንጫፍ ለማጉበጥ የጠመጠሙት ሽቦ ካለ ግን ዛሬውኑ ያዩት፤ በክረምቱ እድገት ግንዱ ስለሚወፍር ሽቦው ልጡን በልቶት ሊሆን ይችላል። ከልጡ ጋር የተጣበቀ ሽቦ በመፍታት አይወጣም፤ በመቁረጫ እያንዳንዱን ጥምዝ ለየብቻ ቆራርጦ ማንሣት ያስፈልጋል። ማዳበሪያን በተመለከተ፣ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለሰው ነው እንጂ ለፊከስ አይደለም። በብርድና በብርሃን እጥረት እድገቱን የቀነሰ ተክል የሰጡትን አይጠቀምበትም፤ የተረፈው ጨው ሆኖ ሥሩን ያቃጥላል። እስከ የካቲት መጨረሻ ያቋርጡለት።

ለእናትዎ ግን በአክብሮት ይህን ይንገሯቸው፦ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አያይዞ መተኛት ሰውን ይገድላል። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛ ሰው አያውቀውም። ለተክሉም ቢሆን አይበጅም፤ በደንብ ከማይነድ ከሰል የሚወጣው ጭስ ኤትሊን የተባለ ጋዝ ስላለበት ቅጠል ያራግፋል። ቡና ሲፈላም መስኮቱ ይከፈት። ፊከሱ ማሞቂያ አያስፈልገውም፤ መስኮትና በር በሚገባ የሚዘጋ ተራ ክፍል ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ «እኔስ ቦንሳዬን ወደ ቤት ላስገባ?» (አንባቢ፣ ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ አያስገቡት። ሸዋ ሮቢት ከደብረ ብርሃን 1500 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች ናት፤ በየ1000 ሜትሩ ከፍታ የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚለያይ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል 10 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አለ። የእርስዎ ተክል ጠላቱ የበጋው ድርቀት ነው። የቦንሳይ መትከያ ጥልቀት ስለሌለው ጠዋት ያጠጡት ከሰዓት በኋላ ሊደርቅ ይችላልና በቀን ሁለት ጊዜ ይመልከቱት፤ ከቀትር ፀሐይም ያስጠልሉት።

ጥያቄ፦ «የሀገራችንን ጥድና ወይራ በትናንሽ መትከያ እያሳደግሁ ቦንሳይ ለማድረግ እየሞከርሁ ነው። አፈሩ የግቢያችን ጥቁር አፈር ነው። ብርዱ ስለሚያሰጋኝ ከጥቅምት ጀምሮ ቤት ላስገባቸው ስል ልጄ ኢንተርኔት ላይ አንብቦ ‹ጥድ ቤት ውስጥ ይሞታል› አለኝ። ማንኛችን ነን ልክ?» (አንባቢ፣ ከመንዝ መሐል ሜዳ)

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ነው። ቦንሳይ የሚለው ስያሜ ተክሉ የሚያዝበትን ጥበብ እንጂ የተክሉን ዓይነት አያመለክትም፤ ጥድ በትንሽ ዕቃ ስለተተከለ የቤት ተክል አይሆንም። የሐበሻ ጥድ በወፍ ዋሻ ጫካ ውስጥ ከነብርዱ የሚኖር ዛፍ ነው፤ ወይራም ቀላል ውርጭ ይችላል። ሁለቱም የሚፈልጉት ሙሉ ፀሐይና የሚንቀሳቀስ አየር ነው። ቤት ውስጥ ከገቡ ጥዱ በተለይ ቀስ እያለ ይደክማል፤ ክፋቱ ደግሞ ጥድ ከሞተ በኋላ እንኳ ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ መቻሉ ነው። ባለቤቱ ችግሩን የሚያውቀው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ ሥጋትዎ ከንቱ አይደለም። የማንኛውም ዛፍ ሥር ከቅርንጫፉ ይልቅ ለብርድ ስስ ነው። መሬት ላይ የቆመ ዛፍ ሥሩን አፈሩ ይጠብቅለታል፤ ስስ መትከያ ውስጥ ያለውን ግን ብርዱ ከአራቱም ጎን ያገኘዋል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። መትከያዎቹን በድንጋይ ግድግዳ ጥግ፣ ግድግዳው ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ሌሊት በሚለቅበት በኩል፣ እስከ አፋቸው ድረስ መሬት ውስጥ ይቅበሯቸው፤ ወይም ዙሪያቸውን በጭድ ይክበቧቸው። የማለዳ ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበትን ጥግ አይምረጡ፤ በውርጭ የቀዘቀዘ ቅጠል በድንገት ሲሞቅ ጉዳቱ ይብሳል። ውርጩ እንደሚበረታ ባወቁበት ምሽት ጆንያ ያልብሷቸው፤ ላስቲክ ከሆነ ግን በእንጨት ደግፈው ቅጠሉን እንዳይነካ ያድርጉ፣ ጠዋትም ያንሡት።

ልጅዎ ኢንተርኔት ላይ ያነበበውን ሁሉ ግን እንዳለ አይውሰዱት። ስለ መፀው እንክብካቤ የሚጻፈው አብዛኛው ምክር ለጃፓን፣ ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ የተሰናዳ ነው፤ በዚያ ብርዱ ቀንም ሌሊትም ስለማይለቅ ዛፉ ለወራት ያንቀላፋል፣ ውኃም እምብዛም አይፈልግም። በእኛ ደጋ ግን ሌሊት ውርጭ ወርዶበት ያደረ ጥድ በማግሥቱ ቀትር ላይ ጠንካራ ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ይጠብቀዋል። ስለዚህ «በብርድ ወራት ውኃ ቀንሱ» የሚለውን ቃል በቃል የፈጸመ ሰው ጥዱን በጥማት ይገድለዋል። አፈሩ ለስለስ ያለ እርጥበት ይኑረው፤ እርጥብ አፈር ከደረቀው ይበልጥ ሙቀት ስለሚይዝ ለሌሊቱም ይጠቅማል። ማጠጫው ጊዜ ረፋድ ይሁን።

ጥቁሩ መረሬ አፈር ለመትከያ አይሆንም። ሲርስ አብጦ አየር ይዘጋል፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ቀጫጭኑን ሥር ይበጣጥሳል። ለብሎኬት መሥሪያ የሚውለውን ፑሚስ በወንፊት ነፍተው፣ ዱቄቱን ጥለው፣ ጠጠሩን ከግማሽ በላይ አድርገው ከበሰለ ብስባሽ ጋር ቢቀላቅሉት እጅግ የተሻለ ነው። ይህን ግን አሁን አይሥሩት፤ ሥሩ የተነካካ ዛፍ የኅዳርንና የታኅሣሥን ብርድ አይቋቋምም። የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ይሥሩት። ወደፊት ተጨማሪ ችግኝ ሲፈልጉም ከችግኝ ጣቢያ ይግዙ እንጂ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይም ከጫካ ነቅለው አያምጡ።

ጥያቄ፦ «ክሮተንና ሂቢስከስ ቤት ካስገባሁ ወዲህ በቅጠሉና በግንዱ መጋጠሚያ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ወጣባቸው። ቅጠላቸው ያጣብቃል፤ ጉንዳንም ይመላለስባቸዋል። በሽታው ከቤቱ ነው የመጣው?» (አንባቢ፣ ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ከቤቱ ሳይሆን ከውጭ አብሯቸው የገባ ነው። ጥጥ መሳዩ ነገር የተክሉን ፈሳሽ የሚመጥ ትንሽ ተባይ ሲሆን ነጩ የራሱ ሰም ነው። ከሰውነቱ የሚያወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ቅጠሉን ያጣብቃል፤ ጉንዳኖቹም የሚመጡት ይህን ሊልሱ ነው፤ ስለሚጠቅማቸውም ተባዩን ከሌሎች ነፍሳት ይጠብቁታል። ውጭ ሳለ ጥንዚዛውና ዝናቡ ቁጥሩን ይቀንሱት ነበር። ቤት ውስጥ ግን ይህ ሁሉ ስለሌለ በፍጥነት ይራባል።

የተያዙትን ተክሎች ከሌሎቹ ለይተው ያስቀምጡ። ጥጥ ጠቅልለው በሕክምና አልኮል አርሰው ነጩን አንድ በአንድ ይጥረጉት፤ የተባዩ መደበቂያ የሆኑትን የቅጠል ብብቶችና የቅጠሉን ጀርባ አይዝለሉ። ከዚያም በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው ይርጩት፤ ቀድመው ግን በአንድ ቅጠል ላይ ሞክረው አንድ ቀን ይጠብቁ። ፀሐይ እያረፈበት አይርጩ። እንቁላሉ በአንድ ጊዜ ስለማያልቅ በሳምንት አንድ ጊዜ እያደረጉ ሦስት አራት ጊዜ መደጋገም ግድ ነው። ሂቢስከሱን ከሦስት አንድ እጅ ያህል ቢያሳጥሩት የሚጠረገው ቅጠል ይቀንስልዎታል፤ ክሮተኑን ግን አይቁረጡት። የሚቀጥለው ዓመት ከመድረሱ በፊት ደግሞ እያንዳንዱን መትከያ አንሥተው የታችኛውን ቀዳዳ ይመልከቱ፤ ጉንዳኖቹ ብዙ ጊዜ ጎጇቸውን የሚሠሩት እዚያ ነው።