ለቤዝ ፔዳል ስትመርጪ ከድራይቩ በፊት ብሌንዱንና ሚዱን እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ጎንደር ውስጥ በሰርግና በሆቴል መድረክ ቤዝ ትጫወቻለሽ። የራስሽ አምፕሊፋየር የለሽም፤ ቀጥታ ሚክሰር ላይ ነው የምትሰኪው። ከበሮው ሲገባ ድምፅሽ ይጠፋል። አሁን ኦቨርድራይቭ (ድምፁን ሰበር የሚያደርግ፣ በአጭሩ ድራይቭ) እና የቶን ማስተካከያ ያለው ፕሪአምፕ ፔዳል፣ ማለትም የቤዙን ድምፅ ሚክሰሩ ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያጎላና የሚያስተካክል ትንሽ ሣጥን፣ ልትገዢ አስበሻል። ሳንስአምፕ፣ ዳርክግላስ፣ ኤምኤክስአር ወይስ ርካሹ ቤሪንገር ነው ያልሽው።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ለአንቺ ሥራ የፔዳሉ ስም ሁለተኛ ነው። ንጹሁን ድምፅ ከተሰበረው ጋር የሚቀላቅል ብሌንድ ይኑረው። የሚድ፣ ማለትም የመካከለኛው ድምፅ፣ ማዞሪያ ይኑረው። በማይክ ኬብል ቀጥታ ወደ ሚክሰር የሚወጣ ዲአይ ይኑረው። መብራት ሲጠፋም የሚሠራበት መንገድ ይኑረው። ብሩ ካለሽ ሁለተኛውን ስሪት ሳንስአምፕ ቤዝ ድራይቨር ግዢ። ከሌለሽ ቤሪንገሩን ይዘሽ ሥራሽን ቀጥዪ። ምክንያቱን ግን ላስረዳሽ፤ ምክንያቱን ካወቅሽ በማንኛውም ፔዳል ጥሩ ድምፅ ታወጫለሽ።

ቤዝሽ ፓሲቭ ከሆነ፣ ማለትም ውስጡ ባትሪ ከሌለው፣ ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው) የኤሌክትሪክ መቋቋሙ 1 ሜጋ ኦም (1000 ኪሎ ኦም) ገደማ የሆነ መግቢያ ይፈልጋል። የሚክሰር ላይን መግቢያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ኦም ቢሆን ነው። እዚያ ላይ በቀጥታ ስትሰኪው የላይኛው ድምፅ ይታፈናል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። ሳውንድማኑ ጌይኑን (የመግቢያውን ማጉያ) ሲከፍት ኖይዙም አብሮ ያድጋል። ደህና ፕሪአምፕ ድራይቩን ሳትነኪው እንኳ ይህን ችግር ያቃልልሻል። አንዳንድ ሚክሰር ላይ ለጊታር ተብሎ የተሠራ ሃይ-ዚ የሚል ቁልፍ አለ። ፔዳሉን እስክትገዢ ድረስ እሱን ፈልጊና ተጠቀሚ።

ሁለተኛው ነገር ስፒከሩ ነው። የቤዝ ባዶ ኢ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ነው፣ ኤ ክር ደግሞ 55። ሰርግ ዳስ ውስጥ የሚቆሙትን ስፒከሮች አስቢያቸው። ባለ 12 ወይም ባለ 15 ኢንች ስፒከር ግራና ቀኝ ይቆማል፣ አለቀ። ሳብ ዉፈር (የታችኛውን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር) የሚመጣው ባለሰርጉ ሲችል ነው። እነዚያ ስፒከሮች 41 ኸርዝን በቅጡ አያወጡትም። ሳውንድማኑ ሎውን ሲጨምርልሽ ኮኑ ይንቀጠቀጣል እንጂ የምትጫወቺው ኖታ አይለይም። አዘዞም ሆነ ማራኪ አካባቢ በሠራኋቸው ሰርጎች ሁሉ ያየሁት ይህንኑ ነው።

ኦቨርድራይቩ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ድምፁን ትንሽ ሲሰብረው ከዋናው ኖታ በላይ 82፣ 123፣ 164 ኸርዝ እያለ የሚሄድ ሃርሞኒክ ይጨመርበታል። ትንሹ ስፒከር እነዚህን ማውጣት ይችላል። ጆሯችን ደግሞ እነዚህን ሲሰማ የጎደለውን የታችኛውን ኖታ ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ “ኦቨርድራይቭ ለሮክ ነው፣ ለባህል ዘፈን ምን ያደርጋል?” የሚሉሽን አትስሚያቸው። ትዝታ ስትጫወቺም ይጠቅምሻል። አድማጩ ድምፁ መሰበሩን ሳያውቅ “ዛሬ ቤዙ እንዴት ወፍሯል!” የሚልበት ልክ አለ። የምትፈልጊው እሱን ነው።

ሚዱ ደግሞ ለብቻው ሊወራለት ይገባል። ከበሮው የታችኛውን ቦታ ቀድሞ ይዞታል። አንቺም እዚያው ላይ ሎው ብትጨምሪ ሁለታችሁም ትጠፋላችሁ። ኖታሽ ተለይቶ የሚሰማው ከ400 እስከ 800 ኸርዝ ባለው አካባቢ ነው። 250 አካባቢ ሲበዛ ይድበሰበሳል፣ በተለይ አዳራሹ የሚያስተጋባ ከሆነ። ብቻሽን ቤት ስትለማመጂ ሚዱ የበዛ ድምፅ ላያምርሽ ይችላል፤ አፍንጫ አፍንጫ ይላል። ክራሩ፣ ማሲንቆው፣ ከበሮውና ጭብጨባው ሲገቡበት ግን ያ ድምፅ ነው ቦታውን የሚያገኘው። ስለዚህ ፔዳልን ብቻውን ሰምተሽ አትፍረጂ። ቢያንስ ስልክሽ ላይ ዘፈን ከፍተሽ፣ አብረሽው እየተጫወትሽ ስሚው።

ብሌንድ ያስፈለገበት ምክንያት ይህ ነው፦ ድራይቭ ሲበዛ የታችኛው ድምፅ ይሳሳል። የሊድ ጊታር ኦቨርድራይቭ ተውሶ ለቤዝ የሞከረ ያውቀዋል። ለምሳሌ ኢባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር ድምፁን ከመስበሩ በፊት ከ720 ኸርዝ በታች ያለውን ይቀንሰዋል። ለጊታር ተብሎ የታሰበበት ነገር ነው፣ ለቤዝ ግን ሆዱን ባዶ ያደርገዋል። ብሌንድ ካለሽ ንጹሁ ቤዝ ከታች እንዳለ ይቀመጣል፣ የተሰበረው ከላይ ይጨመርበታል። ቦስ ኦዲቢ-3 ባላንስ የሚል ማዞሪያ አለው፣ ሥራው ያው ነው። ዲአይ ግን የለውም፤ ስለዚህ አምፕ ለሌላት ለአንቺ አይሆንም።

አሁን ወደ ጠቀስሻቸው ልምጣ። ሳንስአምፕ ቤዝ ድራይቨር የኒውዮርኩ ቴክ 21 እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ነው። የቲዩብ አምፕንና ማይክ የተደረገለትን ስፒከር ድምፅ በትንሽ ሣጥን ውስጥ ያመጣል። አምፕ ለሌላት ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? የድሮው ስሪት ግን ሚድ ማዞሪያ የለውም፣ ድምፁ ራሱም ሚዱ የተቦረቦረ ነው። ለብቻው ሲሰማ ልብ ይወስዳል፣ ባንድ ውስጥ ሲገባ ይደበቃል። በሁለተኛው ስሪት ሚድ ተጨምሮበታል፤ ለዚህ ነው እሱን ያልኩሽ። ያገለገለ የድሮውን በጥሩ ዋጋ ካገኘሽም አትለፊው። ብሌንዱን ከግማሽ በታች ያዢው፤ ከንጹሁ ቤዝ ጋር ሚዱ ተመልሶ ይመጣል። ቤዝና ትሬብሉ እንደሆነ ብሌንዱን ብትዘጊውም ይሠራሉ።

ቤሪንገር ቢዲአይ21 የዚያው የድሮው ሳንስአምፕ አሠራር የተከተለ ነው፣ ማዞሪያዎቹም ስማቸው ሳይቀር ያው ናቸው። ስለዚህ ሚድ የለውም፣ የብሌንዱ ምክርም ለእሱ ይሠራል። ዋጋው የሌሎቹ ትንሽ ክፋይ ነው። ሣጥኑ ፕላስቲክ ነው። የእኛ ሰርግ ላይ ደግሞ ሙሽሮቹ ሲገቡ እስክስታ ወራጁ መድረክ ድረስ ይመጣል፣ ኬብል ይረገጣል፣ ይጎተታል። እንጨት ላይ አጥብቀሽ እሰሪው፣ ኬብሎቹንም በፕላስተር ያዣቸው። እንዲህ ተይዞ ለዓመታት ሲሠራ አይቻለሁ።

ዳርክግላስ የፊንላንድ ነው፣ መነሻው ሄልሲንኪ። ቢ7ኬ የሚሉት አራት ማዞሪያ ያለው ኢኪው (የቶን ማስተካከያ) አለው፤ ሚዱ ለሁለት ተከፍሏል። ኢኪውውን በጣም እወደዋለሁ። ድራይቩ ግን ለከባድ ሮክና ለሜታል የተሠራ ነው፣ ላይኛው ሹል ነው። የሰርግ ስፒከር ትዊተር (የላይኛውን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክፍል) ላይ ሲወጣ ጆሮ ይበሳል። ባትሪም አይገባበትም። ዋጋውን ስትጨምሪበት ለአንቺ ሥራ አልመክረውም። የራስሽን ሮክ ባንድ ብታቋቁሚ ሌላ ነገር ነው።

ኤምኤክስአር ኤም80 ጠንካራ ብረት ነው። ንጹሁና ዲስቶርሽኑ በሁለት ቻናል ናቸው፣ ሚድም ብሌንድም አለው። ዲስቶርሽኑ በርታ ያለ ስለሆነ ጌይኑን በጣም ዝቅ አድርገሽ ነው የምትጠቀሚው። ኖይዝ ጌትም አለው፤ ሳትጫወቺ የሚሰማውን ኖይዝ የሚዘጋ ነው። ጄኔሬተር ሲያጉረመርም ጌቱ ደስ ይላል፣ ቀስ ባለ ትዝታ ላይ ግን የኖታውን ጭራ ይቆርጠዋል። እሱን እዚያ ዝጊው።

ስለ መብራት ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ከተማችንን ታውቂያታለሽ። ዘፈኑ መሃል ላይ መብራት ይሄዳል፣ ጄኔሬተር ይነሳል፣ ቮልቴጁ ሲወጣና ሲወርድ ርካሽ አዳፕተር ይቃጠላል። ስለዚህ 9 ቮልት ባትሪ የሚቀበል ፔዳል ትልቅ ነገር ነው። ሳንስአምፑና ኤምኤክስአሩ ከሚክሰሩ በማይክ ኬብሉ በሚመጣ 48 ቮልት ኃይል፣ ፋንተም በሚባለውም ይሠራሉ። ሚክሰሩ እስከሠራ ፔዳልሽ ይሠራል ማለት ነው፣ አዳፕተር ፍለጋ የለም። ሳውንድማኑ ፋንተሙን ከመክፈቱ በፊት ቻናልሽን ዝቅ እንዲያደርገው ንገሪው፣ አለበለዚያ ስፒከሩ ላይ ከባድ ጩኸት ይወጣል። ፋንተም የሚቀበል መሆኑ መመሪያው ላይ ካልተጻፈ አታስከፍቺበት። አዳፕተር ስትገዢም የመሃሉ ፒን ኔጋቲቭ መሆኑን እዪ፤ አብዛኛው ፔዳል የሚፈልገው እሱን ነው። በተሳሳተ አዳፕተር የተቃጠለ ፔዳል ብዙ አይቻለሁ።

ከሚክሰሩ ጋር ስትገናኚ “ሁምምም” የሚል ድምፅ ከመጣ ፔዳሉ ላይ ግራውንድ ሊፍት የሚለውን (በድምፅ ኬብሉ በኩል ያለውን የግራውንድ ግንኙነት የሚያቋርጠውን) ቁልፍ ሞክሪ። አንዳንዶች ሁሙን ለማጥፋት የሶኬቱን ኤርዝ ይቆርጣሉ። እህቴ፣ ይህን በፍጹም አታድርጊ፣ ሲደረግ ካየሽም አስቁሚ። እጅሽ ክር ላይ ነው፣ ዘፋኙ ብረት ማይክ ይዟል፤ ሰው ይሞታል።

መግዛቱን በተመለከተ፣ እዚህ ጎንደር የፈለግሽውን ሞዴል አምጥቶ የሚያሳይሽ ሱቅ ማግኘት ይከብዳል። አዲስ አበባ ወይም ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ነው የሚሆነው። ያገለገለ ከሆነ ሳትሞክሪ ብር አትላኪ። አዲስ አበባ የምታምኚው ሙዚቀኛ ካለ ሄዶ ይሞክርልሽ። እያንዳንዱን ማዞሪያ ከዳር እስከ ዳር ያዙረው፣ የሚንኮሻኮሽ ካለ ይስማ። የማይክ ኬብል መውጫውን የግድ ይሞክር፤ ብዙ ሰው በጊታር ኬብል ብቻ ሞክሮ ይሄዳል፣ አንቺ ግን የምትሠሪበት በዚያኛው ነው። የባትሪ ቤቱም ይከፈት፤ ፈሶ የዛገ ባትሪ ካለ ይታያል።

ስትጀምሪ እንዲህ አድርጊው። ድራይቩ ሩብ ያህል፣ ብሌንዱ ግማሽ ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ። ሎው መሃል ላይ። ሚድ ካለው ትንሽ ከፍ። ትሬብልና ፕሬዘንስ (የላይኛው ድምፅ ማዞሪያዎች) ዝቅ፣ አለበለዚያ የጣትሽ ፍጭት በትዊተሩ ይወጣል። ከዚያ ረጅም ኬብል ይዘሽ ከመድረክ ውረጂና እንግዳው የሚቀመጥበት ቦታ ሆነሽ ስሚው። መድረክ ላይ የሚሰማሽና እነሱ ጋ የሚደርሰው አንድ አይደለም። ጭክጭካው ሲፈጥን ድራይቩን ከዚያም ቀንሺው። ኦቨርድራይቭ ድምፁን እኩል እኩል ያደርገዋል፣ ሲበዛ ደግሞ ጠንከር ብላ የምትመታው ምት ከሌሎቹ አትለይም። የጎንደር እስክስታ ትከሻው የሚነሳው በዚያች ምት ነው፤ እሷን ከወሰድሽበት ጨፋሪው ይደክመዋል።

ባንዳችሁ ውስጥ ቤዝ ክራር የሚጫወት ካለ እሱም በዚሁ ፔዳል መውጣት ይችላል። የክራሩ ፒክአፕ ፒየዞ (ክራሩ ላይ ተለጥፎ ንዝረቱን የሚወስድ) ከሆነ ግን ከ1 ሜጋ ኦም ያላነሰ መግቢያ ይፈልጋል፣ ከዚያም ከፍ ቢል ይመረጣል። ለእሱ ድራይቩን መዝጋት ነው የሚሻለው፤ ፒየዞ ሲሰበር ይሻክራል።

የጥር ሰርግ ከጥምቀት በኋላ ስለሚደራረብ ፔዳሉ ከዚያ ቀደም ብሎ እጅሽ ይግባ፣ ልምምድ ላይም ልመጂው። ቤዝሽ አክቲቭ (ባለ ባትሪ) ይሁን ፓሲቭ፣ ሳውንድ የምትከራዩት ሰዎች የሚያመጡት ሚክሰርም ፋንተም ያለው መሆን አለመሆኑን ጻፊልኝ። ያኔ ከሳንስአምፑና ከቤሪንገሩ የትኛው እንደሚሻልሽ ቁርጡን እነግርሻለሁ።