ሞቺዬ ለምን ፍርፍር አለብኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ ዳይፉኩ የሚባለውን የጃፓን ጣፋጭ፣ ያ ከላዩ ሞቺ የሚባል የሚሳብ ነጭ የሩዝ ሊጥ ሆኖ ውስጡ አዙኪ የሚባል ቀይ የባቄላ ሊጥ ያለበትን፣ ቤት ልሥራ ብዬ ከሱፐርማርኬት የሩዝ ዱቄት ገዝቼ በውሃና በስኳር በጥብጬ ማይክሮዌቭ ከተትኩት ግን ፍርፍር አለ እንጂ አልሳብ አለኝ። አዙኪውንም ከነስኳሩ ሁለት ሰዓት ቀቅዬው ጠጠር ሆኖ ቀረ። ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እህቴ አይዞሽ፣ ያጠፋው እጅሽ ሳይሆን ዱቄቱ ነው። ጃፓኖች ለሞቺ የሚጠቀሙት ሞቺጎሜ የሚባል ራሱን የቻለ ተጣባቂ ሩዝ ነው፤ ተራው ሩዝ ውስጥ አሚሎስና አሚሎፔክቲን የሚባሉ ሁለት አይነት ስታርቾች አሉ፣ ሞቺጎሜ ግን ከሞላ ጎደል አሚሎፔክቲን ብቻ ነው፣ እንደ ማስቲካ የሚያስስበውም እሱ ስለሆነ በተራ ዱቄት የፈለግሽውን ያህል ብትለፊ አይሆንም። የእስያ ግሮሰሪ ሄደሽ ሺራታማኮ ወይ ሞቺኮ በይ፣ ሁለቱም የሞቺጎሜ ዱቄት ናቸው። ሺራታማኮ ስታይው እንደ ደቃቅ ጠጠር ነው ግን እንዳትደነግጪ፣ ውሃ ሲነካው ይሟሟል፣ እኔ ለልስላሴው እሱን ነው የምመርጠው።

ለ100 ግራም ዱቄት 50 ግራም ስኳርና 150 ሚሊ ውሃ፣ ውሃውን ቀስ እያልሽ። ሸፍነሽ አንድ ደቂቃ ማይክሮዌቭ፣ አውጥተሽ በደንብ አማስዪ፣ ደግመሽ መልሺው፣ ንጣቱ ጠፍቶ ብርሃን የሚያሳልፍ እስኪመስል ድረስ። ከዛ የድንች ስታርች ነስንሰሽ ትኩስ እያለ ጠቅልይ። ስኳሩን ግን እንዳትቀንሺ፣ ውሃውን ይዞ እንዳይደርቅ የሚያደርገው እሱ ነው።

አዙኪው ላይ ደግሞ ስኳሩ ቀድሞ ገባ፣ ለዛ ነው ያልበሰለው። መዘፍዘፍ እንኳን አያስፈልገውም፣ አንዴ አፍልተሽ የመጀመሪያውን ውሃ ድፊው፣ አፍ የሚያኮማትር ምሬቱ አብሮ ይሄዳል፣ ከዛ በአዲስ ውሃ በጣትሽ ስትጫኚው እስኪፈርስ ቀቅዪው፣ ስኳርና ቁንጥር ጨው የሚገባው ያኔ ብቻ ነው። ፍሬው እንዳለ ከተውሽው ጹቡአን ይባላል፣ አጥልለሽ ልጣጩን ካወጣሽው ኮሺአን። ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል ምናምን የለበትም፣ ስለዚህ ለጾም ይሆናል፣ ይሄ በጣም ደስ የሚለኝ ነገር ነው!

በዛው ቀን ብሉት፣ ፍሪጅ ውስጥ ይደርቃል። ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆች ወይ አያት ካሉ ግን አደራ በጣም ትንንሽ አርገሽ ቆርጠሽ ስጫቸው፣ አጠገባቸውም ሁኚ፣ ጃፓን ውስጥ አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር ሞቺ ጉሮሯቸው ላይ ተሰንቅሮ ሆስፒታል የሚገቡ አዛውንቶች አሉ።