ኮድ መጻፍን ያስተማረኝ ፔይሮል

ውድ ልጆቼ፣

በሒሳብ ሥራ 34 ዓመት ቆይቻለሁ። ፕሮግራም መጻፍ የጀመርኩት ግን በ49 ዓመቴ ነው። ኮርስ ገብቼ አልነበረም። ያስጀመረኝ ወሩ 25 ሲደርስ ሆዴን ባር ባር የሚያሰኘኝ የፔይሮል ሺት ነው።

ይህን የምጽፍላችሁ ሰሞኑን ከወጣቶች አፍ ደጋግሜ የሰማሁት ነገር ስላሳሰበኝ ነው። አንዷ «የተማርኩት አካውንቲንግ ነው፤ ኮዲንግ የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች ጉዳይ ነው» አለችኝ። ሌላው ገና 27 ዓመቱ ነው፤ «አሁንማ ረፍዷል» ይላል። ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ኤክሴል ላይ ነው የሚውሉት። ሁለቱም ፎርሙላ ይጽፋሉ። እኔ የምላችሁ ይህን ነው፦ ፎርሙላ የጻፈ ሰው ኮድ መጻፍ ጀምሯል። ቀሪውን ደግሞ አሁን በእጃችሁ ካለው ሥራ ልትማሩት ትችላላችሁ።

ሥራ ስጀምር ፔይሮል በትልቅ ባለመስመር ወረቀት ነበር የሚሠራው። ስም፣ ደመወዝ፣ ትርፍ ሰዓት፣ ግብር፣ ጡረታ፣ የተጣራ ክፍያ። መጀመሪያ በእርሳስ እንሞላለን፤ ድምሩ ሲገጥም በእስክሪብቶ እንገለብጣለን። አንድ ሰው ላይ ስህተት ከተገኘ የታችኛው ድምር ሁሉ ይፈርሳል። ላጲስ፣ ካልኩሌተር፣ እንደገና ከላይ።

ኤክሴልንም የወለደው ይኸው ድካም መሆኑን ያነበብኩት ብዙ ቆይቼ ነው። ዳን ብሪክሊን የሚባል ሰው በሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ሲማር መምህሩ ሰሌዳ ላይ የቁጥር ሠንጠረዥ ይሠሩ ነበር። አንድ ቁጥር ሲለወጥ ተከታዩን ሁሉ አጥፍቶ መጻፍ ግድ ነው። ብሪክሊን አንዱ ቁጥር ሲነካ ሌላው በራሱ የሚስተካከልበትን ሰሌዳ አለመ። ከቦብ ፍራንክስተን ጋር ሆነው በፈረንጆቹ 1979 ቪዚካልክ ብለው ለአፕል 2 ኮምፒውተር አወጡት። ሎተስ 1-2-3 በ1983፣ ኤክሴል በ1985 ተከተሉ። ሐሳቡ የተነሳው ከእኛው ዓይነት ሥራ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሚንግ መማር ለሒሳብ ሰው ባዕድ ቤት መግባት አይደለም።

አሁን የራሴን ስህተት ልንገራችሁ።

በምሠራበት ድርጅት 43 ሠራተኞች ነበሩ። የግብር ፎርሙላውን የወረስኩት ከእኔ በፊት ከነበረ ሰው ነው። ኢፍ («እንዲህ ከሆነ» የሚለው ትእዛዝ) ውስጥ ኢፍ፣ በሆዱ ደግሞ ሌላ ኢፍ። መጠኖቹ ሁሉ እዚያው ፎርሙላው ውስጥ ተጽፈዋል። ሐምሌ 2008 ላይ የደመወዝ ግብር ተለወጠ። ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ150 ብር ወደ 600 ብር ከፍ አለ። የ35 በመቶው መነሻም ከ5,000 ወደ 10,900 ብር ወጣ። እኔ በፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ አሮጌውን ቁጥር በአዲሱ እየተካሁ ሄድኩ። ድምሩን አየሁ፤ ቀንሷል። ጥሩ ነው ብዬ አሳለፍኩት።

ከአራት ወር በኋላ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ የደመወዝ ስሊፑን ይዞ መጣ። «እትዬ፣ የሁሉም ግብር ቀንሷል፤ የእኔ ለምን አልቀነሰም?» አለኝ። ሴሉን ከፍቼ አየሁት። ፎርሙላ የለበትም። አንድ ሰው መቼም መቼ ቁጥሩን በእጁ ጽፎበታል፤ እኔም ሳላየው አልፌዋለሁ። አራት ወር ሙሉ ከዚያ ሰው ኪስ ያለአግባብ ተቆርጧል። ገንዘቡ ተመለሰለት። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ከዚያ በኋላ ነው ፎርሙላውን አፍርሼ የሠራሁት። የዛሬውን መጠን ይዤ ላሳያችሁ። በሌላ ሺት ላይ ሦስት ዓምድ አድርጉ፦ መነሻ ደመወዝ፣ መቶኛ፣ ተቀናሽ። ረድፎቹ እነዚህ ናቸው። 0፣ 0፣ 0። 2,000፣ 15 በመቶ፣ 300። 4,000፣ 20 በመቶ፣ 500። 7,000፣ 25 በመቶ፣ 850። 10,000፣ 30 በመቶ፣ 1,350። 14,000፣ 35 በመቶ፣ 2,050። ከዚያ ቪሉካፕን (VLOOKUP፣ ከሠንጠረዥ ፈልጎ የሚያመጣውን የኤክሴል ፎርሙላ) ደመወዙ የትኛው ረድፍ ላይ እንደሚወድቅ ጠይቁት። ተቀራራቢውን እንዲፈልግ ንገሩት እንጂ ልክ እኩል የሆነውን አይደለም። ደመወዙን በመቶኛው አባዝታችሁ ተቀናሹን ቀንሱ። 12,000 ብር የሚከፈለው ሰው 3,600 ሲቀነስ 1,350፣ ማለትም 2,250 ብር ግብር አለበት። 7 በመቶ ጡረታው 840 ብር ነው። እጁ ላይ የሚደርሰው 8,910 ብር።

ደንቡ አንድ ቦታ፣ ሰዎቹ ሌላ ቦታ። ሐምሌ 2017 ላይ ግብሩ እንደገና ሲቀየር እኔ የነካሁት ያችን ትንሽ ሠንጠረዥ ብቻ ነው። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ጨረስኩ። ፕሮግራመሮች ለዓመታት የሚለማመዱት አንዱ ትልቅ ነገር ይህ መሆኑን ያኔ አላወቅኩም፤ የሚለወጠውን ከማይለወጠው መለየት።

ሌላው ነገር ድንበሩን መፈተሽ ነው። ደመወዙ ልክ 4,000 ብር የሆነ ሰው የትኛው ረድፍ ይገባል? በ15 በመቶ ብታሰሉት 600 ሲቀነስ 300፣ 300 ብር ይመጣል። በ20 በመቶ ብታሰሉት 800 ሲቀነስ 500፣ ያው 300 ብር። ሠንጠረዡ ትክክል ከሆነ በየድንበሩ ሁለቱም ረድፎች አንድ መልስ ይሰጣሉ። አንዱ ላይ ካልገጠመ የጻፋችሁት ቁጥር ተሳስቷል ማለት ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ አዲስ ፎርሙላ ስጽፍ መጀመሪያ የምፈትነው ድንበር ላይ ያለውን ሰው ነው። መካከል ላይ ያለውማ ሁሌም ይገጥማል።

ስህተት የሚደርሰው በትናንሽ ቢሮዎች ብቻ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆቹ 2010 ካርመን ራይንሃርት እና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉ ስመ ጥር የኢኮኖሚ ምሁራን ስለ መንግሥታት ዕዳና ዕድገት አንድ ጥናት አወጡ። ጥናቱ በብዙ አገር ፖለቲከኞች አፍ ገባ። በፈረንጆቹ 2013 በማሳቹሴትስ አምኸርስት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ቶማስ ሄርንደን የተባለ ተማሪ ሺቱን ጠይቆ አገኘ። ከፍቶ ሲያየው አማካዩን የሚያወጣው ፎርሙላ ከ20 አገሮች አምስቱን ሳይነካ ቀርቷል። አማካዩ የሚወጣባቸው ሴሎች ታች ድረስ አልተመረጡም። ሌሎች ችግሮችም አግኝቶ ነበር። እኔን የገረመኝ ግን ሴሉን ከፍቶ ያነበበው ተማሪ መሆኑ ነው። እናንተም ሰው የሰጣችሁን ሺት ስትቀበሉ ሴሉን ክፈቱ። የሌላ ሰው ኮድ ማንበብ የሚለመደው እንደዚህ ነው።

ከፎርሙላ ወደ ማክሮ (ኤክሴል በራሱ ደጋግሞ ወደሚሠራው የትእዛዝ ዝርዝር) የገባሁት በስሊፕ ምክንያት ነው። በየወሩ አንድ ስም ኮፒ፣ ቅጹ ላይ ፔስት፣ ፕሪንት። 43 ጊዜ። አንድ ቀን ማክሮ መቅጃውን ከፈትኩና አንዱን ሰው ስሠራ እንዲቀዳ አደረግኩት። ከዚያ አልት እና ኤፍ 11 ተጭኜ የቀዳውን አየሁ። እንግሊዝኛው አስፈራኝ። ግን አንድ የማውቀው ነገር አየሁ፤ 5 ቁጥር። የመጀመሪያው ሠራተኛ ረድፍ 5 ላይ ነበር። 5ቱን በ6 ቀይሬ አስኬድኩት። የሁለተኛው ሰው ስሊፕ ወጣ። ስለዚህ ከ5 እስከ 47 ድረስ ሂድ ማለት ብችልስ? ፎር እና ኔክስት የሚባሉትን ሁለት ቃላት ፈልጌ ለማግኘት ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። በአራተኛው ቀን 43ቱም ስሊፕ ተከታትሎ ከፕሪንተሩ ሲወጣ ቆሜ አየሁት። ዓይኔ እንባ አቀረረ ብላችሁ አታምኑኝም ይሆናል። ግን እውነት ነው።

ይህን ስትሞክሩ አንድ ነገር አትርሱ። ማክሮ ከሠራ በኋላ ኮንትሮል ዜድ አያድናችሁም። መጀመሪያ ፋይሉን በሌላ ስም ሴቭ አድርጉ።

አሁን ደግሞ የእኛው የሆነውን ችግር ላንሳ። ኤክሴል 13 ወር አያውቅም። ጳጉሜን የምትባል ወር ሰምቶ አያውቅም። የእኛ የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ደረሰኙ በእኛ ቀን ይጻፋል። ስንት ቀን አለፈው የሚለውን በጣት የሚቆጥር ብዙ ሰው አይቻለሁ። መፍትሔው ኤክሴል ቀንን እንዴት እንደሚያስብ ማወቅ ነው። ለእሱ ቀን ማለት ተራ ቁጥር ነው። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1፣ 1900 ለእሱ 1 ነው፤ ከዚያ እየቆጠረ ይሄዳል። እኛም እንደዚያው መቁጠር እንችላለን።

ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሦስት ሴል ይጻፉ። ከዓመቱ 1 ቀንሱና በ365 አባዙ። ዓመቱን ለ4 አካፍላችሁ ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ደምሩ፤ ይህ እስከዚያ ድረስ ጳጉሜን 6 የሆነችባቸው ዓመታት ብዛት ነው። ከወሩ 1 ቀንሱ፣ በ30 አባዙ፣ ደምሩ። ቀኑን ጨምሩ። በመጨረሻ 690,799 ቀንሱ። መስከረም 1፣ 2017ን ሞክሩ። 735,840 እና 504 እና 1፣ ድምሩ 736,345። ሲቀነስ 45,546። ሴሉን ወደ ቀን ቀይሩት፤ ሴፕቴምበር 11፣ 2024 ይላችኋል። ድንበሩንም ፈትሹ። መስከረም 1፣ 2016 ከጳጉሜን 6 ማግስት ነው፤ 45,181 ይመጣል፤ እሱም ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ነው።

690,799 ከየት መጣ? አንድ በሁለቱም አቆጣጠር የማውቀውን ቀን ወሰድኩ። የእኛን ቆጠራ አሰላሁ፤ የኤክሴሉን አየሁ፤ ልዩነቱን ያዝኩ። በቃ። እኔ ይህን ለመድረስ አንድ ሳምንት ወረቀት አበላሽቻለሁ። ያን ሳምንት ግን በምንም አልለውጠውም። በኋላ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ስጀምር አዲስ የሆነብኝ የአጻጻፉ ሥርዓት ብቻ ነበር። አስተሳሰቡን ቀድሜ ይዤዋለሁ።

«አሁን ሁሉን ቻትጂፒቲ ይጽፍልናል» የምትሉ አላችሁ። ጠይቁት፤ እኔም እጠይቀዋለሁ። ግን የ4,000 ብሩን ሰው ፈትኑበት። የጥበቃ ሠራተኛው ስሊፑን ይዞ ሲመጣ መልስ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። በ2016 ሐምሌ የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የወሰዳችሁም አላችሁ። ደስ ይላል። ሰርተፍኬቱን ካገኛችሁ በኋላ ግን ከየቀኑ ሥራችሁ የቱን አቀለላችሁበት? መምህር ከሆናችሁ ሮስተሩ አለ፤ አማካይና ደረጃ በእጅ አታውጡ። ሱቅ ካላችሁ የዱቤ መዝገቡ አለ። ኤክሴል መግዛት ካልቻላችሁ ሊብረኦፊስ ካልክ በነፃ ይገኛል፤ ኔትወርክ ሲጠፋም ይሠራል።

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ 71 ዓመታቸው ነው። 186 አባል አላቸው። ላፕቶፕ የነኩት ባለፈው ዓመት ነው፤ ያውም በልጅ ልጃቸው ገፋፊነት። መጀመሪያ ወርኃዊ መዋጮውን ብቻ ይመዘግቡ ነበር። ከዚያ ያልከፈለውን በቀይ የሚያሳይ ፎርሙላ ፈለጉ። ከዚያ የቅጣቱን ሒሳብ። ሁሉንም ራሳቸው ጻፉት፤ እኔ ጎን ተቀምጬ ሻይ ነበር የምጠጣው።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ በሩን አንኳኩተው መጡ። በአንድ ፖስታ ጀርባ ላይ በእርሳስ ቀስቶች ሥለዋል። «ሦስት ወር አስቀድሞ የከፈለ ሰው ካለ ሺቱ በሁለተኛው ወር ባለዕዳ ያደርገዋል፤ ይህ ግፍ ነው» አሉኝ። መነጽራቸውን አደረጉና ቀስቶቹን አንድ በአንድ ያስረዱኝ ጀመር። ሁለተኛው ቀስት ላይ ተሳስተው ነበር፤ ሳልነግራቸው ራሳቸው አገኙት። በላጲስ አጠፉና ሌላ ሣሉ። እስከ ማታ ድረስ እኔ ቤት ቆየን፤ ገና አልጨረስነውም። ለፊታችን ቅዳሜ ቀጥረናል።