መልስ፦ ጂቮ ወደ 15 ዶላር ይመለሳል ወይ?

ወንድሜ፣ ስለ አሜሪካው የዕፅዋት ነዳጅ ኩባንያ «ጂቮ በፈረንጆቹ 2011 ናስዳቅ የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ሲገባ አንዱ አክሲዮን 15 ዶላር ነበር፤ አሁን ረክሷል፣ ወደ ድሮው ዋጋ ቢመለስስ?» ላልከው፣ ያ 15 የዛሬው 15 አይደለም። ኩባንያው በ2015 አሥራ አምስቱን አክሲዮን ወደ አንድ ጨመቀ፤ በ2017 እና በ2018 ደግሞ ሃያ ሃያውን። እስቲ አባዛው፤ የድሮው 6,000 አክሲዮን ዛሬ አንድ ነው። ስለዚህ የያኔው ዋጋ በዛሬው ሲመነዘር 90,000 ዶላር ይሆናል። እዚያ ይመለሳል ብሎ የሚጠብቅ ካለ ዕድሜ ይስጠው!

ጂቮ ከበቆሎ የአውሮፕላን ነዳጅ ይሠራል የሚለው ወሬ ብዙም አይስበኝም። እኔ የማየው በ2025 የገዛውን የሰሜን ዳኮታ ኢታኖል (ከእህል የሚሠራ የአልኮል ነዳጅ) ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው የሚያወጣውን ካርቦን ከመሬት በታች ስለሚቀብር የአሜሪካ መንግሥት የግብር ክሬዲት (ከግብር የሚቀነስ ገንዘብ) ያስገኝለታል፤ ሕጉም እስከ 2029 ተራዝሟል። ደግሞ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሲወጣ ከትርፉ በፊት የአክሲዮኑን ብዛት እይ። ቁጥሩ ካበጠ አዲስ አክሲዮን እየሸጡ ነው፣ ያንተ ድርሻ ቀጥኗል።